ፒያኖውን ፎቅ ላይ አታውጡት

በሚዛን፣ በቴፒ ወይም በቦንጋ በቡና ገንዘብ ፎቅ የሠራ ሰው ሳሎኑን የት እንደሚያደርገው አይጨነቅም። ከላይ ነው። ምድሩ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለካፌ ይከራያል፤ ባለቤቱ ከላይ ይኖራል። ሶፋው፣ ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ይቆማል። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን ፒያኖ ልግዛ ብሎ ሲነሣ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድሙ በኮንቴይነር ሲልክለት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ "በዚህ ደረጃ እንዴት ይወጣል?" የሚል ይሆናል። አናጺ ይጠራል፤ ብረት ሠሪ ይጠራል፤ ጫኝና አውራጅ ዋጋ ይቆርጣል። ሰፈሩ ሁሉ ስለ "እንዴት" ይከራከራል። "ለምን ይወጣል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

መጠየቅ ያለበት ይኸው ነበር።

"እንዴት" የሚለውማ ቀላሉ ነው። ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት ፒያኖ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። 220 ኪሎ የሆነውን በአገሩ ሚዛን ቢቆጥሩት 13 ፈረሱላ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ 60 ኪሎ ጆንያ እየተሸከመ አይሱዙ ሲሞላ የሚውል ወጣት በዚህ ቁጥር አይደነግጥም። ከቡና የሚለየው ለሁለት አለመከፈሉ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው የደረጃው ስፋት ሳይሆን ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ 1 ሜትር ተኩል የሚረዝም ዕቃ ቀጥታውን በሰላም ወጥቶ መታጠፊያው ላይ ይቀረቀራል። ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሰፋፊ ጠፍር ያስፈልጋል፤ ጉልበተኞቹ ከታች ይሆናሉ፤ ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ክንፍ ያለው ትልቁ ፒያኖ ከሆነ እግሮቹና ፔዳሉ ተፈትተው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በቀጥተኛ ጎኑ ጣውላ ላይ ተጋድሞ ይገፋል። ደረጃው ጨርሶ እምቢ ካለ የበረንዳው ብረት ይነሣል፣ መወጣጫ ይተከላል፣ በመዘውርና በገመድ ይጎተታል።

በሸካና በከፋ ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው ሰው ቀና ብሎ ሲያየው አንገቱ በሚታመምበት ዛፍ ላይ ነው። ማሩም በገመድ ይወርዳል። የዚህ አገር ልጅ አንድ ፎቅ ያቅተዋል ብሎ መከራከር ራሱ ስድብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ማሽን፣ ሕዝቡ "የሰርኪስ ባቡር" ያለው፣ የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሳይደርስ በፊት ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ገብቷል። ፒያኖው ይወጣል። ችግሩም መውጣቱ ነው።

ከወጣ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱ ልጆች ይቀጠቅጡታል። በሁለተኛው ሳምንት "እንግዳ አለ፣ ዝም በሉ" ይባላሉ። በሁለተኛው ወር ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የሠርግ ፎቶ ይቀመጣል። ፒያኖው ቡፌ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ብርጭቆ የማይቀመጥበት ቡፌ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የጎረቤቱ ልጅስ? የጎረቤቱ ልጅ እዚያ ለመድረስ የግቢውን በር፣ ዘበኛውን፣ ውሻውን፣ ደረጃውን፣ ቀጥሎም ቤተሰቡ የሚኖርበትን ኮሪደር ማለፍ አለበት። በሰው ቤት ፎቅ ላይ፣ ጭቃ በነካው ጫማ፣ ምንጣፍ ረግጦ ገብቶ "ልለማመድ" የሚል ልጅ በዚህ አገር አላደገም። ጨዋነቱ ራሱ ይከለክለዋል። መምህርም ቢገኝ፣ ሰው ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን እያየ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር አይችልም። ስለዚህ ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው በከተማው ውስጥ ያለውን ምናልባት ብቸኛ ፒያኖ ከከተማው ለማራቅ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አየሩ። በሚዛን ዙሪያ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ቴፒ ከሚዛን ዝቅ ያለች ናትና ሙቀቱ ይጨመርበታል። ፒያኖ ደግሞ የእንጨት፣ የሱፍና የብረት ሥራ ነው፤ ሦስቱም እርጥበት አይወዱም። ከ200 በላይ የሆኑት ሽቦዎቹ በድምሩ ከ15 ቶን በላይ በሚሆን ኃይል ተወጥረው ይኖራሉ። ውጥረቱን የሚሸከመው ውስጥ ያለው የብረት ፍሬም ነው። ድምፁን የሚያጎላው ግን ከኋላ ያለው ስስ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ይህ ሰሌዳ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ሽቦዎቹን ይገፋል፣ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ይወጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይወርዳል። ቁልፎቹ አብጠው ይጣበቃሉ፤ አንዱን ሲነኩት ወርዶ እዚያው ይቀራል። ሱፍ የለበሱት መዶሻዎች ይሻግታሉ፤ ሽቦው ይዝጋል።

ይህን ለቡና ሰው ማስረዳት እንዴት ያስፈልጋል? የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ማለፍ እንደሌለበት ያውቃል። አልጋ ላይ በሚገባ ደርቆ የገባ ቡና በክረምቱ አየር መልሶ እንደሚጠጣ ያውቃል። ጆንያ ከግድግዳ ጋር አያስጠጋም፤ መሬት ላይ አያሳርፍም፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ያነጥፋል፤ መጋዘኑን ያናፍሳል። ያው ሰው ፒያኖውን ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቆ፣ መስኮት ሥር፣ ጀበና ከሚፈላበት ጎን ያቆመዋል። ለአንድ ፈረሱላ ጀንፈል ያደረገውን ጥንቃቄ ለ13 ፈረሱላ ፒያኖ ይነፍገዋል። አለማወቅ እንዳይባል ያውቃል። ፒያኖውን እንደ ዕቃ እንጂ እንደሚበላሽ ነገር ስላልቆጠረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው "እንዲያውም ለዚህ ነው ፎቅ ላይ የሚሻለው፤ ምድር ቤት እርጥበት ከወለሉ ይመጣል" ሊል ይችላል። ክርክሩ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ መልስም ይገባዋል። እውነት ነው፣ ከመሬት የሚነሣ እርጥበት አለ። የእኛ አገር አንድ ፎቅ ቤት የላይኛው ክፍል ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር ቀትር ላይ እንደ ምድጃ ይሆንና ሌሊት ይቀዘቅዛል። ፒያኖን ከእርጥበት እኩል የሚጎዳው ይህ መለዋወጥ ነው፤ የሚፈልገው አየሩ ሳይዋዥቅ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል የሚቆይበትን ክፍል ነው። ሌላም አለ። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው ጋር በጩኸት ነው የሚነጋገረው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ሥር ፒያኖ መለማመድ ማለት ወፍጮ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ እንደማዳመጥ ነው። የምድሩ ክፍል በላዩ የኮንክሪት ሶሌታ አለው፤ ዝናቡ አይሰማበትም፤ ሙቀቱም ብዙ አይወጣ አይወርድም።

የወለሉ እርጥበት መፍትሔ አለው፤ መፍትሔውንም መጋዘኑ አስተምሯል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የጣውላ መድረክ ይሠራል። ፒያኖው ከውስጠኛው ግድግዳ ይቆማል፤ በእሱና በግድግዳው መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። የመድረኩ እግሮች ለምስጥ እንዳይመቹ ከሥራቸው ብረት ወይም ወፍራም መስታወት ይደረጋል። ከታች ባለው ክዳን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ናፍታሊን ብል ያርቃል። መብራት ባለበት ጊዜ እርጥበት የሚቀንስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ አለ፤ ለፒያኖ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በብዙ ቆላና እርጥብ አገር ይጠቀሙበታል። መስኮቱ በዝናብ ሰዓት ይዘጋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታል። ከዚህ ውስጥ አንዱም ከቡና ማድረቅ አይከብድም።

ፒያኖ ሰው በማይደርስበት ክፍል ሲቀመጥ ክፉ ከሆነ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ? የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው፤ የእሳቸው ታሪክ የሚደግፈው ማንን እንደሆነ ይታይ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በካይሮም ሙዚቃ አጥንተው የተመለሱት እማሆይ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ። ግሸን የአምባሰል አምባ ነው። እዚያ ወደ 10 ዓመት በባዶ እግራቸው ሲኖሩ ፒያኖ አልነበራቸውም፤ እንዲያወጡላቸውም አልጠየቁም። ከዚያ ወርደው ወደ ሙዚቃው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሸክላ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሲያሳትሙም ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ነበር ያደረጉት። በኋላ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም በደብረ ገነት ሲኖሩ፣ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋቸውና ፒያኖአቸው ጎን ለጎን ነበሩ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ለውጭ ሰውም ሩቅ ነበር። ለሚጫወተው ሰው ግን አንድ እርምጃ ነበር። ፒያኖው ካለበት እጁ አለ። እዚህ የሚታሰበው ግን ተቃራኒው ነው፦ ለባለቤቱ ዓይን ቅርብ፣ ሊጫወት ለሚችል ልጅ ሁሉ ሩቅ። በእማሆይ ስም ይህን መከላከል አይቻልም።

ሌላው ምስክር ግርማ ይፍራሸዋ ነው። ዛሬ በዓለም መድረክ የሚታወቀው ይህ ፒያኒስት በልጅነቱ የነበረው ክራር ነበር። ከፒያኖ ጋር የተገናኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፍያ ድረስ ሄዶ ተማረ። ለፒያኖ 16 ዓመት የዘገየ ዕድሜ ነው፤ እሱ በችሎታውና በልፋቱ ደረሰበት። ቁም ነገሩ ግን ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑ ነው። ያሬድ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበር። ለሸኮ፣ ለመኢኒት ወይም ለማሻ ልጅ ያ በር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጣቱ ምን እንደሚችል ሳይታወቅ ቡና ሲለቅም ያድጋል። ይህን ሁሉ ርቀት አልፎ ሚዛን የደረሰ አንድ ፒያኖ ሲገኝ እሱንም 18 ደረጃ ጨምሮ ማራቅ ምን ይባላል?

በነገራችን ላይ የደቡብ ምዕራብ ልጅ ከቁልፍ ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም ማለት ስህተት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ ብዙዎቹም ያለ መምህር፣ በጆሮ ብቻ ተምረው ይገርማሉ። ኪቦርዱ ግን ብዙ ጊዜ 61 ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ቀላል ስለሆነ ለጣት ጉልበት አይሰጥም፤ ምቱን ማሽኑ ይመታለታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መዝሙሩ በከበሮ ይቀጥላል። እውነተኛው ፒያኖ መብራት አይጠይቅም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። "ፒያኖ ለሚዛን ቅንጦት ነው፣ የቦሌ ሰው ዕቃ ነው" ብሎ የሚያላግጥም ስለዚህ ተሳስቷል። ቅንጦት የሚያደርገው ዕቃው አይደለም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

በገና እንዳለ የሚያስታውስም ይኖራል። በገናም ትልቅ ነው፤ አሥር አውታር አለው፤ የሚደረደረውም በጓዳ፣ በዐቢይ ጾም፣ ለራስና ለፈጣሪ ነው። አደባባይ ካልወጣ ብሎ የሚከስሰው የለም። በገናን ግን አንድ ሰው ታቅፎ የትም ይሄዳል። መምህሩ ቤት ይወሰዳል፣ ይመለሳል። ፒያኖ አንዴ የቆመበት ቦታ ማን እንደሚነካው ይወስናል፤ ለዚህ ነው የቦታው ጉዳይ ይህን ያህል የሚያነጋግረው።

"ንብረቱ የራሱ ነው፣ የፈለገበት ያድርገው" የሚለው ክርክር አጭር ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ያድርገው፤ ማንም አይከለክለውም። ፎቅ ላይ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ግን ዲጂታል ፒያኖ ይግዛ። 88 ቁልፍ ያለው፣ ክብደት ያለው ቁልፍ የተገጠመለት ጥሩ ዲጂታል ፒያኖ ሁለት ሰው እያወራ ይዞት ይወጣል፤ ቅኝት አይጠይቅም፤ በማዳመጫ ሌሊትም ይለማመዱበታል። ዳንቴልም ያምርበታል።

"ልጆች ይሰብሩታል" የሚለው ደግሞ ፒያኖን አለማወቅ ነው። ፒያኖ መመታት ሥራው ነው። የሚገድለው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። ያልተነካ ፒያኖ ውስጥ አይጥ ጎጆ ይሠራል፤ ሱፉን ብል ይበላዋል፤ ቁልፉ ሲያብጥ የሚያውቅለት አይኖርም። በየቀኑ የሚነካ ፒያኖ ሕመሙን በዚያው ቀን ይናገራል።

ከባዱ ተቃውሞ የኪራዩ ነው። ምድር ላይ ያለች አንዲት ክፍል በሚዛን ዋና መንገድ በወር ጥሩ ገንዘብ ታመጣለች። ይህን ገንዘብ ተው ማለት ቀላል አይደለም፤ "ለጥበብ ሲባል" በሚል ቃል ብቻም የሚታለፍ አይደለም። ግን ሁሉም የምድር ክፍል መንገድ አይገጥምም። በጓሮ በኩል ያለችው፣ ሱቅ የማትሆነው፣ ዛሬ ባዶ ጆንያና የተሰበረ ወንበር የሚጣልባት ክፍል ትበቃለች። እሷም ከሌለች ፒያኖው የባለቤቱ እንደሆነ በጽሑፍ ተይዞ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በውሰት ይሰጥ። የቤቱም ልጆች እዚያው ሄደው ከእኩዮቻቸው ጋር ይማሩ። ብቻውን ሳሎን ውስጥ ከሚለማመድ ልጅ ይልቅ ሌላ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ የሚያይ ልጅ ይተጋል።

የቀረው የመቃኘቱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ፎቅ ወዳዱ ጨርሶ ይሸነፋል። ፒያኖ ከጉዞ በኋላ ወዲያው አይቃኝም፤ የአዲሱን ክፍል አየር እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መቃኘት አለበት፤ ለዚህ አገር አንዱ ዝናቡ ሲያበቃ ኅዳር ላይ፣ ሌላው ዝናቡ ሳይጠና የካቲት ላይ ቢሆን ይስማማዋል። ቃኚው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አበሉ፣ ማደሪያው፣ ድካሙ ሲደመር ለአንድ ሳሎን ማስጌጫ ይህን የሚከፍል የለም፤ ስለዚህ አይከፈልም፣ ፒያኖውም ሳይቃኝ ይኖራል። በዚያ ላይ የተለማመደ ልጅ ጆሮው ይበላሻል፤ ትክክለኛውን ድምፅ ሲሰማ ስህተት ይመስለዋል።

ፒያኖዎቹ ሰው በሚያውቃቸው ቦታ ሲሆኑ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ጅማ፣ ቦንጋ፣ ሚዛንና ቴፒ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ከሚዛን ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቃኚ በአንድ ጉዞ ሁሉንም አዳርሶ ይመለሳል፤ ወጪውም ለአዳራሹ፣ ለትምህርት ቤቱና ለባለ ፎቁ ይከፋፈላል። ከዚያም የተሻለ አለ። ክራር መቃኘት የሚችል፣ ጆሮው የሰላ አንድ የአካባቢው ወጣት ቃኚው በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይማር። መሣሪያው በአንድ ቦርሳ ይገባል፦ የችንካሩ መፍቻ፣ ሽቦ ማፈኛ ጎማዎች፣ የድምፅ ሹካ፤ ሹካው ከጠፋም ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ አለ። ሙያው እጅና ትዕግሥት ነው፤ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚለማመድበት ፒያኖ ግን በፈለገው ሰዓት የሚያገኘው መሆን አለበት። ባለቤቱ ለቡና ጨረታ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር የሚቆለፍ ሳሎን ውስጥ ቃኚ አይሠለጥንም።

ፎቁን እየገነባ ያለ ሰው ካለ አሁኑኑ መሐንዲሱን ጠርቶ የምድሩን የጓሮ ክፍል በር በ1 ሜትር ከ20 ያስከፍተው። በኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ያድነዋል፤ አይሱዙውም እስከ በሩ ድረስ ኋሊት ይገባል።